ከገጹ ተነጥሎ የሚነበብ ሊንክ

አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ሊንኮች በሙሉ ከዙሪያቸው ጽሑፍ ነጥላችሁ ከላይ ወደ ታች ደርድሯቸው። «እዚህ ይጫኑ»፣ «እዚህ»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «ዝርዝሩን ይመልከቱ»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «በዚህ ሊንክ»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ»። የቱ ወዴት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ? ገጹን የጻፈው ሰው ራሱ አያውቅም።

ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ የሚጠቀም ሰው እንዲህ ያለውን ዝርዝር በየቀኑ ያወጣል። ኤንቪዲኤ እና ጆውስ በሚባሉት ስክሪን ሪደሮች ላይ ኢንሰርትና ኤፍ7 አንድ ላይ ሲጫኑ በገጹ ያሉ ሊንኮች ተለቅመው በአንድ መስኮት ይደረደራሉ። የዊንዶውሱ ናሬተርም በራሱ ቁልፍና በኤፍ7 ይህንኑ ያደርጋል። ማክ ላይ ቮይስኦቨር በኮንትሮል፣ ኦፕሽንና ዩ ሮተር የሚባለውን ይከፍታል፤ አይፎን ላይ ሁለት ጣት ስክሪኑ ላይ አዙሮ ሊንክ የሚለው ላይ ማቆም፣ ከዚያ ወደ ታች መጥረግ ነው። ዝርዝሩን ያልፈለገ ደግሞ በታብ ከሊንክ ሊንክ ይዘላል፣ ወይም ኤንቪዲኤ ላይ ኬ የምትለዋን ፊደል እየነካ ያልፋል። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሚሰማው የሊንኩን ቃላት ብቻ ነው፤ ከፊቱ የነበረው ዓረፍተ ነገር አብሮ አይመጣም።

ችግሩ የዓይነ ስውራን ብቻም አይደለም። በማጉያ ሶፍትዌር የሚያነብ ሰው ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባው ጥቂት ቃል ነው፤ «እዚህ» የሚለው ሰማያዊ ቃል ሲታየው፣ ለምን እንደሚጫነው የሚነግረው ክፍል ከስክሪኑ ወጥቷል። እጁን መጠቀም የማይችልና ኮምፒውተሩን በድምፅ የሚያዝ ሰው የሚጫነው የሊንኩን ስም ጠርቶ ነው። ገጹ ላይ ዘጠኝ «ተጨማሪ ያንብቡ» ካለ ሶፍትዌሩ ዘጠኙም ላይ ቁጥር ይለጥፍና የትኛውን እንደፈለገ መልሶ ይጠይቀዋል። ዓይኑ ደህና የሆነው ሰውም ቢሆን በችኮላ ሲያነብ የሚያርፈው ቀለም ባለው ቃል ላይ ነው።

ስለዚህ ስትጽፉ የምትይዙት መለኪያ አንድ ይሁን፦ ሊንኩ ብቻውን ሲነበብ የሚወስድበትን ቦታ በስሙ ይጠራል ወይ?

መመሪያው ምን ይላል

በአጭሩ ዉካግ የሚባለው፣ የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው የደብሊው3ሲ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ የሊንክን ጽሑፍ በዋናነት በሁለት ነጥብ ይዳኛል። ነጥብ 2.4.4 ደረጃው ኤ፣ ከሦስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው ነው፤ የሊንኩ ዓላማ ከሊንኩ ጽሑፍ፣ ወይም ከጽሑፉና በኮድ ከተያያዘ ዐውዱ መታወቅ አለበት ይላል። ዐውድ የሚባለው ሊንኩ ያለበት ዓረፍተ ነገር፣ አንቀጽ፣ የዝርዝር ነጥብ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ከሆነም ሴሉና ራስጌው ነው። ነጥብ 2.4.9 ደረጃው ሦስት ኤ፣ ከፍተኛው ነው፤ ዐውድን አይቆጥርም፣ ሊንኩ ብቻውን ይበቃ ይላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 2.0 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ በ2018 የወጣው 2.1 እና በ2023 የወጣው 2.2 እንዳሉ ወስደዋቸዋል።

ብዙ ድርጅት የሚያነጣጥረው ሁለት ኤ ላይ ስለሆነ 2.4.9 አያስገድደውም። ሠላሳ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ በየረድፉ «አውርድ» ቢኖረውና የረድፉ ራስጌ በትክክል ቢታሰር በደረጃ ኤ ያልፋል። የሊንኮቹ ዝርዝር ሲከፈት ግን ሠላሳ «አውርድ» ይደረደራል። በእኔ አስተያየት ሰው በእጁ የሚጽፈው ጽሑፍ ውስጥ ከ2.4.9 ዝቅ የሚባልበት ምክንያት የለም፤ ምንም ተጨማሪ ኮድ አይጠይቅም፣ ቃል መምረጥ ብቻ ነው። የ2.4.4ን ፈቃድ በማሽን ለሚመነጩ ትልልቅ ሠንጠረዦች አስቀምጡት።

«እዚህ ይጫኑ»ን ማውጣት

ይህኛው ቀላሉ ክፍል ነው። «የምዝገባ ቅጹን ለማውረድ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ተመልከቱ። ቁም ነገሩ ያለው መጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ላይ ነው፤ ሊንኩ የተሰካው ምንም በማይናገሩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ። የኋለኛውን ቆርጣችሁ ጣሉት፦ «የምዝገባ ቅጹን ያውርዱ»፣ ሙሉው ሊንክ ሆኖ። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሊንክ እንደሌለው አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከዚያ መድረሻውን የሚጠራውን ሐረግ ፈልጋችሁ ሊንኩን እዚያ ላይ ስኩት። «ከመምጣታችሁ በፊት የምዝገባ ቅጹን ሞልታችሁ አትሙ» በሚለው ውስጥ ሊንኩ «የምዝገባ ቅጹን» ነው። እንዲህ ያለ ሐረግ ከጠፋ ችግሩ ያለው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው፤ ወዴት እንደሚልክ አልተናገረም ማለት ነው።

«ይህን ሊንክ ይከተሉ»፣ «በሚከተለው ሊንክ» የሚሉትም እዚያው ናቸው። ስክሪን ሪደሩ ሊንክ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ እናንተ ስትደግሙት ሰሚው «ሊንክ፣ ይህን ሊንክ» ይሰማል። «ይጫኑ» ራሱ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። ሊንክ እንደሚጫን የማያውቅ ሰው የለም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይመቻል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዋናው ነገር ሳይጠራ ወደ ፊት ይመጣል፤ የሊንኮች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ከሁሉም ይበልጣል። ተጠቃሚው አንድ ፊደል ሲነካ ዝርዝሩ በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ሊንክ ይዘላል። ይህን ዕድል የምናበላሸው «ወደ» እና «ስለ» እያልን ነው፦ «ወደ ምዝገባ ገጽ ይሂዱ»፣ «ወደ ክፍያ ገጽ ይሂዱ»፣ «ስለ ምዝገባ»፣ «ስለ ክፍያ»። «ምዝገባ» እና «ክፍያ» ማለት እየተቻለ። «የ»ን ማስቀረት ይከብዳል፤ «የምዝገባ ቅጽ» የሚለውን ለፊደል መዝለያ ሲባል ማጣመም አያስፈልግም። ግን የማውጫው አሥሩም መስመር በ«የእኛ» የሚጀምር ከሆነ «የእኛ»ን አውጡት።

ሌላም ነገር አለ። «አውርድ» ለወንድ ነው የሚናገረው። «ያውርዱ» ለሁሉም ይሆናል፤ «የምዝገባ ቅጽ» የሚለው ስም ግን ለማንም ሳይናገር ሥራውን ይሠራል። በስምም ሆነ በ«ያውርዱ» ብትሄዱ ጣቢያው በሙሉ አንድ ይሁን፤ አንዱ ገጽ «አውርድ»፣ ሌላው «ያውርዱ»፣ ሦስተኛው «ዳውንሎድ» ሲል ሰሚው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። የዉካግ 3.2.4 ነጥብም አንድ ሥራ የሚሠሩ ነገሮች በአንድ ዓይነት ስም ይጠሩ ይላል።

ቃል መሃል ላይ የተቆረጠ ሊንክ

እንግሊዝኛ ላይ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሱትም፤ አማርኛ ገጾች ላይ ግን በየቦታው አለ። «የምዝገባ ቅጹን ሞልታችሁ» ከሚለው ውስጥ አዘጋጁ «የምዝገባ ቅጹ» የሚለውን ብቻ መርጦ ሊንክ ያደርጋል፤ «ን» ውጭ ትቀራለች። በዓይን ሲታይ የ«ን» ቀለም ጥቁር ከመሆኑ በቀር ምንም የለም። ስክሪን ሪደር ግን ሊንኩ ሲያልቅ ንግግሩን ቆርጦ ቀጣዩን ጽሑፍ እንደ አዲስ ነገር ይጀምራል፦ «ሊንክ፣ የምዝገባ ቅጹ» ይልና ለብቻዋ «ን»፣ ከዚያ «ሞልታችሁ»። ስልክ ላይ ጣት እየጠረገ ለሚሄድ ሰው «ን ሞልታችሁ» የሚል ማረፊያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቆምበታል። ከቃሉ ፊት የሚመጡት «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ስለ»ም እንዲሁ ናቸው።

ደንቡ አጭር ነው፦ ሊንክ ከክፍተት እስከ ክፍተት ይያዝ። «ቅጹንና» ከሆነ «ና»ም ትግባ። አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ብቻ ውጭ ይቅሩ። ዝርዝር ውስጥ «የምዝገባ ቅጹን» ብሎ በ«ን» ማለቁ ጆሮ የሚጎረብጥ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን አዙሩት፤ «የምዝገባ ቅጹ ከዚህ አንቀጽ በታች ይገኛል» ዓይነት። ወይም በ«፦» ምልክት ለዩት፦ «ከመምጣታችሁ በፊት የሚሞላ፦ የምዝገባ ቅጽ»።

ይህ ችግር በተለይ የሚበዛው ሊንኩን ማሽን ሲሰካው ነው። ሲስተሙ የገጹን ርዕስ ከዳታቤዝ አምጥቶ «ስለ» ከሚል ቃል ቀጥሎ፣ ከ«ን» በፊት ይከተዋል። አማርኛ እንዲህ ባለው መገጣጠም አይሄድም። ቴምፕሌቱን ስትሠሩ ከዳታቤዝ የሚመጣው ቃል ምንም ሳይለጠፍበት ለብቻው የሚቆምበትን አረፍተ ነገር ምረጡ።

ፊደልም አንድ ይሁን። «መሥሪያ» እና «መስሪያ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቁምፊዎች። ኤንቪዲኤ የሊንኮቹ ዝርዝር ላይ ማጣሪያ ሳጥን አለው፤ ተጠቃሚው በ«ሥ» ጽፎ እናንተ በ«ስ» ከጻፋችሁት አያገኘውም። ማውጫው፣ ርዕሱና ሊንኩ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሂዱ።

«ተጨማሪ ያንብቡ» ዘጠኝ ጊዜ

የዜና ገጽ፣ የምርት ገጽ፣ የፕሮጀክት ገጽ፤ ሁሉም በካርድ ነው የሚሠራው። ሥዕል፣ ርዕስ፣ ሁለት መስመር ማብራሪያ፣ ከታች «ተጨማሪ ያንብቡ»። እኔ የምመርጠው መፍትሔ ይህን ሐረግ ከነጭራሹ አውጥቶ ርዕሱን ሊንክ ማድረግ ነው። ርዕሱ እኮ የመድረሻው ስም ነው፤ ከእሱ የተሻለ የሊንክ ጽሑፍ አይጻፍም።

ዲዛይነሩ «ሰው ካርዱን የትም ቦታ ቢነካው መከፈት አለበት» ካለ፣ ካርዱን በሙሉ ሊንክ ውስጥ አትክተቱት። እንዲያ ሲደረግ የሥዕሉ መግለጫ፣ ርዕሱ፣ ቀኑና ማብራሪያው ተደማምረው የአንድ ሊንክ ስም ይሆናሉ፤ ስክሪን ሪደሩ ሃምሳ ቃል በአንድ ትንፋሽ ያነበንባል። ሊንኩ ርዕሱ ላይ ይሁን። ካርዱ በሲኤስኤስ ፖዚሽኑ ሪላቲቭ ይደረግ፤ የሊንኩ አፍተር የሚባለው ሐሰተኛ ኤለመንት ፖዚሽኑ አብሶሉት፣ ኢንሴቱ 0፣ ኮንቴንቱ ባዶ ይሁን። የሚነካው ቦታ እስከ ካርዱ ጠርዝ ይሰፋል፤ የሊንኩ ስም ግን ርዕሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጉዳት አለው፦ ካርዱ ላይ ያለውን ማብራሪያ በማውስ መርጦ መቅዳት ያስቸግራል። ካርዱ ውስጥ ሌላ ሊንክ ካለ ደግሞ ዚ-ኢንዴክስ ሰጥታችሁ ከላይ አውጡት፣ አለበለዚያ አይነካም።

«ተጨማሪ ያንብቡ» የግድ ይታይ ከተባለ ሦስት መንገድ አለ፤ በምርጫዬ ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው።

አንደኛው ለዓይን የተደበቀ ለጆሮ የሚሰማ ጽሑፍ ሊንኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ዎርድፕረስን ጨምሮ ብዙ ሲስተሞች ለዚህ የተዘጋጀ የሲኤስኤስ ክላስ አላቸው፤ ጽሑፉን አንድ ፒክስል በአንድ ፒክስል አድርጎ ይቆርጠዋል። ዲስፕሌይ ነን ወይም ቪዚቢሊቲ ሂደንን አትጠቀሙ፤ ከስክሪን ሪደሩም ይደብቁታል። በተደበቀውና በሚታየው መካከል ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ፤ ክፍተት ከሌለ ሁለት ቃል ተጣብቆ «ያንብቡየውሃ» ሆኖ ይነበባል።

ሁለተኛው ኤሪያ-ሌብልድባይ የሚባለው የኮድ አትሪቢዩት ነው። የሊንኩን የራሱን አይዲ (በኮዱ ውስጥ ያለ መለያ ስሙን) እና የርዕሱን አይዲ አከታትላችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ስሙ ከሁለቱ ይገጣጠማል። ርዕሱ ሲቀየር ስሙም አብሮ ይቀየራል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። አይዲው ገጹ ላይ ከተደገመ ግን ሁሉም ሊንክ የመጀመሪያውን ካርድ ርዕስ ይይዛል፤ ካርድ በቅጂ ሲበዛ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው።

ሦስተኛው ኤሪያ-ሌብል ነው፤ የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። የሚታየውን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ተክቶ ስለሚነበብ ሁለቱ ተለያይተው ይቀራሉ፦ አዘጋጁ የሚታየውን ያርማል፣ ያልታየው አሮጌው ሆኖ ይኖራል፣ ማንም ሳያውቅ። ከ2.1 ጀምሮ ደግሞ 2.5.3 የሚባል በደረጃ ኤ ያለ ነጥብ አለ፦ የሚታየው ጽሑፍ በስሙ ውስጥ እንዳለ መገኘት አለበት። ስክሪኑ ላይ «ተጨማሪ ያንብቡ» ተጽፎ ኤሪያ-ሌብሉ «የውሃ ማጣሪያ አሠራር» ብቻ ከሆነ በድምፅ የሚያዘው ሰው የሚያየውን ቢጠራ ሊንኩ አይሰማውም።

እዚህ ጋ የአማርኛ የቃላት ቅደም ተከተል ይጋጫል። መመሪያዎቹ የሚታየው ጽሑፍ ስሙ መጀመሪያ ላይ ቢመጣ ይሻላል ይላሉ። «ተጨማሪ ያንብቡ ስለ ውሃ ማጣሪያ አሠራር» ግን ለአማርኛ ጆሮ የተገለበጠ ነው፤ ከባዕድ ቴምፕሌት ሳይስተካከል የመጣ ለመሆኑ ራሱ ይናገራል። የ«፦» ምልክት ይታደጋችኋል፦ «ተጨማሪ ያንብቡ፦ የውሃ ማጣሪያ አሠራር»። «የውሃ ማጣሪያ አሠራር፦ ተጨማሪ ያንብቡ» ብትሉም የሚታየው ጽሑፍ ሳይቆራረጥ ስላለ ነጥቡን ያልፋል፤ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ዋናው ቃል ይቀድማል። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። «ስለ ውሃ ማጣሪያ አሠራር ተጨማሪ መረጃ ያንብቡ» የሚለው ግን ምንም ያህል ቢያምር መሃሉ ላይ «መረጃ» ገብቶ ሐረጉን ሰብሮታል።

ታይትል አትሪቢዩትን አትቁጠሩበት። በኪቦርድ ለሚሄድ አይታይም፣ በጣት ለሚነካ አይታይም፣ ስክሪን ሪደሮችም አንዱ ያነበዋል ሌላው ይተወዋል።

ሥዕል፣ አይኮንና ራቁት አድራሻ

ሥዕል ሊንክ ሲሆን የሥዕሉ ኦልት፣ ማለትም ሥዕሉን በቃል የሚተካው ጽሑፍ፣ የሊንኩ ስም ይሆናል። በዚህ ጊዜ ኦልቱ የሚናገረው ስለ መድረሻው እንጂ ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ ሎጎው ወደ መነሻ ገጽ የሚወስድ ከሆነ «ክብ ሰማያዊ ሎጎ» ሳይሆን የድርጅቱ ስምና «መነሻ ገጽ» ይባላል። ሥዕሉና ጽሑፉ አንድ ላይ ወደ አንድ ቦታ የሚወስዱ ከሆነ በአንድ ሊንክ ጠቅልሏቸውና ኦልቱን ባዶ አድርጉት። ባዶ ማድረግና አለመጻፍ ይለያያሉ፦ ብቻውን ሊንክ የሆነ ሥዕል ኦልት ከነጭራሹ ከሌለው ስክሪን ሪደሩ የፋይሉን ስም ወይም የሊንኩን አድራሻ ቁራጭ ያነብባል። ለኤስቪጂ አይኮን ደግሞ ከስክሪን ሪደር የሚደብቀውን ኤሪያ-ሂደን ትሩ አድርጉና ስሙን በተደበቀ ጽሑፍ ስጡት። የድረ ገጽ ተደራሽነት ድርጅት የሆነው ዌብኤይም በየዓመቱ በአንድ ሚሊዮን መነሻ ገጾች ላይ በሚያደርገው ፍተሻ ባዶ ሊንክ በብዛት ከሚገኙት ስድስት ስህተቶች ውስጥ ሳይጠፋ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ግርጌ ላይ የተደረደሩትን የማኅበራዊ ሚዲያ አይኮኖች ብትፈትሹ ታገኙታላችሁ።

ራቁት አድራሻ መለጠፍ በማንኛውም ቋንቋ መጥፎ ነው፤ በአማርኛ ይብሳል። የገጹ አድራሻ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ ወደ ኮድ ይለወጣል። የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል። «ሀ» ብቻዋን «ፐርሰንት ኢ አንድ ፐርሰንት ስምንት ስምንት ፐርሰንት ስምንት ዜሮ» ናት። አሥር ፊደል ያለው ርዕስ 90 ቁምፊ ያወጣል፤ ስክሪን ሪደሩ ደግሞ ሳይታክት ያነበዋል። ለኅትመት የሚሆን ገጽ ከሆነና አድራሻው ወረቀት ላይ መታየት ካለበት፣ በሲኤስኤስ የኅትመት ደንብ ከሊንኩ ቀጥሎ ለወረቀት ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል።

ከመጫን በፊት መታወቅ ያለበት

ፋይል የሚያወርድ ሊንክ ዓይነቱንና መጠኑን እዚያው ሊንኩ ውስጥ ይናገር፦ «የ2023 ዓመታዊ ሪፖርት፣ ፒዲኤፍ፣ 4.2 ሜጋ ባይት»። ውጭ ከተጻፈ በታብ የሚሄደው ሰው የሚሰማው ፋይሉ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። መጠኑን በእጅ መጻፍ ፋይሉ ሲቀየር ውሸት ይሆናል፤ ከተቻለ ሲስተሙ ራሱ ያውጣው።

በአዲስ ታብ የሚከፈት ሊንክ ወደ ኋላ መመለሻውን ይሰብራል። ስክሪን ሪደር የሚጠቀመው ሰው ተመለስ ሲል አይመለስም፣ ለምን እንዳልተመለሰም አያውቅም። እኔ በልማድ የሚደረገውን አዲስ ታብ አልደግፍም። ሰው ረጅም ቅጽ እየሞላ የእርዳታ ገጽ የሚከፍትበት ዓይነት ቦታ ላይ ግን ምክንያት አለው፤ ያኔ «በአዲስ ታብ ይከፈታል» የሚለው በሊንኩ ውስጥ ይግባ። ቀስት ያለበት አይኮን ብቻውን አይበቃም፤ ለአይኮኑም ስም ያስፈልገዋል።

መድረሻው በሌላ ቋንቋ ከሆነ «በእንግሊዝኛ» በሉ። የመድረሻውን ቋንቋ የሚያመለክተው ኤችሬፍላንግ የሚባል አትሪቢዩት ለተጠቃሚው አይነበብም፤ ጽፎ መገላገል አይቻልም። ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ የሚናገረው ላንግ ግን ሌላ ነው። ገጹ ላይ ላንግ በ«ኤ ኤም» ካልተሞላ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል፤ ግዕዝን የማያውቅ ድምፅ ፊደሉን ዘሎ ያልፋል ወይም የኮድ ቁጥሩን ይጠራል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው የንባብ ድምፅ ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያውቃል፤ ወደ አማርኛ እንዲቀየር የሚነግረው ግን ላንግ ነው። የሊንኩ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሊንኩ ላይ ራሱ ላንጉን «ኢ ኤን» አድርጉት። የቋንቋ ምልክት አለመኖርም ዌብኤይም ከሚቆጥራቸው ስድስቱ አንዱ ነው።

ሊንክና በተን አይምታቱ። ሊንክ ይወስዳል፣ በተን ይሠራል። ሜኑ የሚከፍት ወይም ቅጽ የሚልክ ነገር በሊንክ መልክ ከተሠራ ስክሪን ሪደሩ «ሊንክ» ይላል፣ ሰውዬው ሌላ ገጽ ይጠብቃል። በተን በስፔስ ቁልፍም በኢንተርም ይሠራል፤ ሊንክ በኢንተር ብቻ። ኤችሬፍ፣ ማለትም መድረሻ አድራሻ፣ የሌለው ሊንክ ደግሞ በታብ ጭራሽ አይደረስም።

የገጽ ቁጥሮች ላይ «2» ብቻ ከሚባል «ገጽ 2» ይሁን፤ ያለንበት ገጽ ላይ ኤሪያ-ከረንት «ፔጅ» ይጨመርበት። የኢሜይል ሊንክ ላይ «ያግኙን» ከማለት አድራሻውን ራሱን ጻፉት፤ ሰው መጫን ሳይፈልግ ሊቀዳው ይችላል።

መታየቱ

በቀለም ብቻ የተለየ ሊንክ ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰው የለም ማለት ነው። መስመር ከሥሩ ይሰመርበት። መስመሩን አጥፍቶ በቀለም ብቻ ለመሄድ የሊንኩ ቀለም ከዙሪያው ጽሑፍ ጋር ቢያንስ 3 ለ 1፣ ሁለቱም ከጀርባው ጋር 4.5 ለ 1 ንጽጽር ያስፈልጋቸዋል፤ በዚያ ላይ ማውስ ሲያርፍበትና በኪቦርድ ሲደረስበት ሌላ ምልክት ይጨመራል። ይህን ሁሉ ከማስላት መስመሩን ባለበት መተው ይቀላል።

ለግዕዝ ፊደል ግን መስመሩ ትንሽ ይውረድ። «ሲ»ን ከ«ሴ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግራቸው ሥር ያለችው ጭረት ወይም ቀለበት ናት፤ በነባሪው አቀማመጥ መስመሩ እዚያው ላይ ይጠጋና ዓይኑ ለደከመ ሰው ሁለቱን ያመሳስላል። ቴክስት-አንደርላይን-ኦፍሴት የሚባለውን 0.2 ኢኤም አካባቢ ሞክሩትና በምትጠቀሙበት ፎንት ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ።

ፍተሻ

አክስ፣ ዌቭ እና ላይትሃውስ የሚባሉት መፈተሻ መሣሪያዎች ባዶ ሊንክን በደንብ ይይዛሉ። ትርጉም የሌለውን ሊንክ ግን ቢይዙም የሚይዙት በተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ነው፤ «እዚህ ይጫኑ»ን እንዲያውቁላችሁ አትጠብቁ። ማሽኑ አረንጓዴ ቢያሳያችሁም የሊንኮቹን ዝርዝር በኤንቪዲኤ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት፤ ኤንቪዲኤ በነፃ ይወርዳል። ስክሪን ሪደር ለመልመድ ጊዜ የሌለው በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያዎች ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ከፍቶ በ«ኔም» ትይዩ ያለውን ማየት ይችላል፤ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ስም እሱ ነው። ዝርዝሩን ሲያነቡ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፦ ብቻውን ምንም የማይል፣ አንድ ስም ይዞ ወደተለያየ ቦታ የሚሄድ፣ ተለያይቶ ተሰይሞ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ። ሁለተኛው ከሁሉም የከፋ ነው።

የቆየ ድረ ገጽ የሚያርም ሰው ከቴምፕሌቱ ይጀምር፦ ማውጫ፣ ካርድ፣ ግርጌ፣ የገጽ ቁጥር። እዚያ ላይ የተስተካከለ አንድ ሐረግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን ያስተካክላል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያያቸው ገጾች፣ ከዚያ የተቀሩት ሲታደሱ።

የሚረሱት ፒዲኤፎቹ ናቸው። ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኬ ሲጫኑ በሚመጣው መስኮት የሚታየው ጽሑፍ ከአድራሻው ተለይቶ ይጻፋል፤ እዚያም ደንቡ ያው ነው። ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ግን በፕሪንት በኩል አይሂድ፤ በዚያ መንገድ የሰነዱ መዋቅር ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ ሊንኮቹም ተራ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። በሴቭ አዝ ፒዲኤፍን መርጣችሁ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ የሰነድ መዋቅር ታጎች የሚለው ምልክት እንደተደረገበት አይታችሁ አስቀምጡት።